የኩላሊት ምርመራ ውጤት ሲያስጨንቀን

(በአረካ ከተማ ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ሽማግሌዎች፣ ለዲያቆናት፣ ለሴቶች አገልግሎት ተወካዮችና ለድርጅታችን ደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)



 ሥራችሁንና ገበያችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከሩቅ ቀበሌ በእግር ተጉዛችሁ ስለ መጣችሁ ጌታ ይባርካችሁ።

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከእናንተው የመጣ ነው። ለእርዳታ ሥራችን ከሚቀርቡት ጥያቄዎች መካከል እየተደጋገመ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ጠያቂው ከኪሱ የታጠፈች የላቦራቶሪ ወረቀት ያወጣል። በወረቀቷ ላይ «ክሬያቲኒን» ከሚለው ቃል አጠገብ አንድ ቁጥር ተጽፏል፤ ከቁጥሩም ጎን ከልክ በላይ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ተደርጎበታል። ሰውየውም «ኩላሊትህ ታሟል ተባልሁ፤ አዲስ አበባ ሄጄ እንድታከም እርዱኝ» ይለናል።

ይህን የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ለመንገዱ ብሎ በሬውን ለገበያ አውጥቷል፤ ወይም ማሳውን በኮንትራት ሰጥቷል፤ ወይም ከዕድር ተበድሯል። የወላይታ መሬት ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ፣ አንድ ቤተሰብም በሬውን ካጣ የሚቀጥለውን እርሻ በምን እንደሚያርስ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

በሌላ በኩል ደግሞ ያችኑ ወረቀት ተቀብሎ በመጽሐፍ ቅዱሱ ገጾች መካከል የሚያስቀምጥና ለሚስቱም ለልጆቹም ሳይናገር የሚኖር አለ። አንዱ የሚፈራው ወጪውን ነው። ሌላው «እምነት የለውም» እንዳይባል ይፈራል። እንዲህ ያለው ሰው ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሹም አጥሮ በቃሬዛ ሲወሰድ ቤተሰቡ የበሽታውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች የተለያየ መንገድ ቢሄዱም ወረቀቷን ያነበቡት በአንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም እንደ ፍርድ አነበቧት። እኛ ዛሬ ልንነግራችሁ የምንፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው፦ አንዲት የምርመራ ወረቀት ጥያቄ ናት። ጥያቄውን ለመመለስ ሁለተኛ የደም ምርመራ፣ የሽንት ምርመራ፣ የደም ግፊት ልኬትና ጥቂት ጊዜ ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ በሬ አይሸጥ፤ ይህ ሳይደረግም ወረቀቷ አትደበቅ።

ኩላሊት ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአነጋገራችን «ኩላሊቴን አመመኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመው ወገቡ ነው። ሲቆፍር የዋለ ገበሬ፣ እንሰት ስትፍቅ የዋለች እናት፣ ጀሪካን ውኃ በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት የወጣች ልጅ ወገባቸውን ሲያማቸው ጎረቤት ሁሉ «ኩላሊት ነው» ይላል። መጽሐፍ ቅዱስም ኩላሊትን ከልብ ጋር እያጣመረ፣ እግዚአብሔር ብቻ የሚያየው የሰው ጥልቅ ውስጥ አድርጎ ስለሚናገር ቃሉ ራሱ በጆሯችን ከባድ ነው።

በሐኪም ዘንድ ግን ኩላሊት ማጣሪያ ነው። ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዱ የተጨበጠ እጅ ያህል ሆኖ በጀርባ በኩል ከታችኛው የጎድን አጥንት አጠገብ ይገኛል። በእያንዳንዱ ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። በአንድ ቀን ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ተጣርቶ ያልፋል፤ ከዚህም አብዛኛው ወደ ደም ተመልሶ 1 ወይም 2 ሊትር ብቻ ሽንት ሆኖ ይወጣል። ፈጣሪ እንዲህ አትረፍርፎ ስለ ሠራን፣ አንዱን ኩላሊት ለዘመዱ የሰጠ ጤነኛ ሰው በቀረው በአንዱ ይኖራል።

እነዚህ ማጣሪያዎች ሲጎዱ ግን አያሙም። ጠጠር ወይም መግል የያዘ ቁስለት ከሌለ በቀር ኩላሊት ዝም ብሎ ይደክማል። ከዚህም ሁለት ነገር እንማራለን። ወገቡን ያመመው ሰው ሁሉ የኩላሊት በሽተኛ አይደለም፤ ስለዚህ አይደንግጥ። ምንም ያላመመው ሰውም ኩላሊቱ ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ የለውም፤ ስለዚህ በተለይ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ካለበት ይመርመር።

ወረቀቷን ስናነብ

ክሬያቲኒን የሚባለው ጡንቻችን ሥራውን ሲሠራ የሚተወው ጥራጊ ነው። ኩላሊት ይህን ጥራጊ ከደም እያወጣ በሽንት ይጥላል። ጠራጊው ሲደክም ጥራጊው በቤት ውስጥ ይከማቻል፤ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ ድግስ በነበረበት ማግስት ቤቱ ውስጥ ጥራጊ ቢበዛ «ጠራጊዋ ታማለች» አንልም። መጀመሪያ ትናንት በቤቱ ምን እንደ ነበረ እንጠይቃለን። በክሬያቲኒንም ላይ እንዲሁ ልናደርግ ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ መለኪያው ይታይ። በአገራችን ብዙ ላቦራቶሪዎች በዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ይጽፋሉ፤ በዚህ መለኪያ የአዋቂ ሰው ልክ በግምት ከ0.6 እስከ 1.2 ነው። አንዳንድ መሣሪያ ደግሞ በማይክሮ ሞል ይጽፋል፤ በዚያ መለኪያ 1.0 የነበረው 88 ሆኖ ይታያል። በአንዱ ቦታ 1.1 ተብሎ በሌላው ቦታ 97 የተባለ ሰው «መቶ ሊሞላ ነው» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ናቸው።

ቀጥሎ ዕድሜና ጾታ ይታሰብ። ዛሬ ሐኪሞች ክሬያቲኒንን፣ ዕድሜንና ጾታን አንድ ላይ አስልተው ኩላሊት በደቂቃ ምን ያህል እንደሚያጣራ ይገምታሉ። ግምቱ በጤናማ ወጣት ከ90 በላይ ነው። ለምሳሌ ክሬያቲኒናቸው እኩል 1.4 የሆነ ሦስት ሰዎችን እንውሰድ። የ30 ዓመት ወንድ ከሆነ ግምቱ 69 ገደማ ይሆናል። የ70 ዓመት አዛውንት ከሆነ 54 ገደማ ይሆናል። የ70 ዓመት እናት ከሆነች ደግሞ 40 ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ለወጣቱ ምናልባት የጡንቻው ብዛት ብቻ ነው፤ ለእናቲቱ ግን በርግጥ ክትትል የሚያሻው ነገር ነው። ስለዚህ የጎረቤትን ቁጥር ከራስ ቁጥር ጋር ማስተያየት አይጠቅምም።

ከዚያም «ትናንት በቤቱ ምን ነበረ?» ብለን እንጠይቅ።

አንደኛ፣ የውኃ ማነስ። ተቅማጥ ወይም ትውከት የነበረበት፣ በወባ ትኩሳት የተቃጠለ፣ በፀሐይ ሲያጭድ የዋለ ሰው ደሙ ይወፍራል፤ ክሬያቲኒኑም ለጊዜው ይወጣል። ከጾም ጸሎት ወጥቶ ውኃ ሳይቀምስ በቀጥታ ደሙን የሰጠ ወገንም እንዲሁ ነው። ጾሙ ኩላሊቱን አላጠፋበትም፤ ውኃ ጠጥቶ፣ አርፎ ምርመራውን ይድገም።

ሁለተኛ፣ ሥጋ። በጊፋታ ሰሞን ብዙ የበሰለ ሥጋ የበላ ሰው በማግስቱ ቢመረመር ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ከምርመራው በፊት ባለው ማታ ሥጋ ባይበላ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ መድኃኒት። ይህን በተለይ ልብ ብላችሁ አድምጡን። ወገቡን ያመመው ሰው «ኩላሊት ነው» ይባልና የዳይክሎፌናክ መርፌ ይወጋል፤ ወይም አይቡፕሮፌን በየቀኑ ይውጣል። ሕመሙ ለጊዜው ይታገሣል። ነገር ግን እነዚህ ማስታገሻዎች ሲደጋገሙ፣ ይልቁንም ውኃ ባነሰበት ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ኩላሊትን በርግጥ ይጎዳሉ። ስለዚህ ያልታመመ ኩላሊቱን ሊያክም ብሎ ኩላሊቱን የሚያሳምም ሰው አለ። ኮትሪሞክሳዞል የተባለው መድኃኒት ደግሞ ኩላሊቱን ሳይጎዳም ቁጥሩን ከፍ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። በመሆኑም ወደ ሐኪም ስትሄዱ የወሰዳችሁትን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን ሳታፍሩ ተናገሩ።

አራተኛ፣ የሽንት መዘጋት። በዕድሜ የገፉ አባቶች ሽንታቸው እየቆራረጠ፣ ሌሊት እየቀሰቀሳቸው ሲቸገሩ «እርጅና ነው» ብለው ይታገሣሉ። የፕሮስቴት ዕጢ አብጦ መንገዱን ከዘጋ ሽንቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊቱን ይጫነዋል። ይህ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ በጊዜው ከተከፈተም ኩላሊቱ ብዙ ጊዜ ያገግማል።

ከዚህ ሌላ የተገላቢጦሹንም እንናገር። ጡንቻው የመነመነ፣ በምግብ እጥረት የከሳ ሰው የሚያወጣው ጥራጊ ጥቂት ነው። ስለዚህ ኩላሊቱ ደክሞ ሳለ ወረቀቱ «ደኅና ነው» ሊል ይችላል። በችግር ጊዜ የምንረዳቸውን አረጋውያን ስናስመረምር ይህን እንዳንዘነጋ ያስፈልጋል።

ሽንትና የደም ግፊት

ደም ብቻውን አይመሰክርም። ጤነኛ ማጣሪያ ፕሮቲን የተባለውን የምግብ ኃይል በደም ውስጥ ያስቀራል፤ የተቀደደ ማጣሪያ ግን ያፈስሰዋል። በሽንት ውስጥ የምትነከር አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይህን በደቂቃ ውስጥ ታሳያለች። ምርመራው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ትኩሳት፣ ከባድ የጉልበት ሥራ፣ የወር አበባ ወይም የሽንት ቧንቧ ቁስለት በነበረበት ቀን የታየ ፕሮቲን ላያዛልቅ ስለሚችል በሌላ ቀን፣ በጠዋት ሽንት ይደገማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። «በሽንትህ ፕሮቲን ታየ» ሲባል ባቄላውን፣ ቦሎቄውን፣ ወተቱን የሚያቆም ሰው አለ። እናቶችም ለታመመ ልጃቸው እንቁላል ይከለክላሉ። ፕሮቲን በሽንት የሚወጣው ወንፊቱ ስለ ተቀደደ ነው፤ ዱቄቱን በመከልከል ወንፊቱ አይጠገንም። ከቆጮና ከስኳር ድንች ሌላ ብዙ በማይበላበት ቤት እንዲህ ያለ ክልከላ ራሱ በሽታ ያመጣል። ሐኪም ካላዘዘ በቀር ምግብ አይከልከል።

የደም ግፊትም እንዲሁ ይለካ። ከፍተኛ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ በዓለም ሁሉ ኩላሊትን ከሚያደክሙት መካከል ግንባር ቀደም ናቸው። የታመመ ኩላሊትም በበኩሉ ግፊትን ያወጣል፤ አንዱ ሌላውን ይገፋዋል። ግፊትም እንደ ኩላሊት ዝምተኛ ነው፤ ራሱን ሳያመው ዓመታት የሚኖር ሰው ብዙ ነው።

ስለ ጊዜም እንንገራችሁ። የኩላሊት ሐኪሞች ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተስማሙበት መመዘኛ አለ፤ ይኸውም ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ የሚባለው ጉዳቱ ወይም የማጣራት መቀነሱ ቢያንስ 3 ወር ሲቆይ ነው። ግምቱ ከ60 በታች ሆኖ 3 ወር ከቆየ፣ ወይም በሽንት ፕሮቲን እየታየ 3 ወር ካለፈ ስሙ ይሰጠዋል። ከ60 እስከ 89 ሆኖ ሽንቱ ንጹሕ ከሆነና ሌላ የጉዳት ምልክት ከሌለ በዚህ ብቻ በሽታ አይባልም። የመጀመሪያው ድጋሚ ምርመራ ግን 3 ወር አይጠብቅም፤ በፍጥነት እየጨመረ እንዳይሆን በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ይደረጋል።

እብጠት ሁሉ ከኩላሊት አይደለም

በወላይታ እግሩ ያበጠ ሰው ሲታይ ሐሳባችን ወደ ብዙ ቦታ ይሄዳል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የነበራችሁ ወገኖች ከምግብ ማጣት የተነሣ ሕፃናት ፊታቸውና እግራቸው ሲያብጥ አይታችኋል። ያ እብጠት በምግብ ይድናል።

ሌላው ዝሆኔ ነው። በአካባቢያችን ባለው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዘመናት ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ ከእግር ጣትና ከውስጥ እግር ይጀምራል፤ አንዱ እግር ከሌላው ይበልጣል፤ ቆዳው እየሻከረና እየጠነከረ ይሄዳል፤ ፊት ግን አያብጥም። አሜሪካዊው ሐኪምና ሚስዮናዊ ዶክተር ናታን ባርሎ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሶዶ የጀመሩት የ«ሞሲ ፉት» ሥራ በዕለታዊ እጥበት፣ በቅባት፣ በፋሻና በጫማ ብዙዎች ወደ ገበያቸውና ወደ ጉባኤያቸው እንዲመለሱ ረድቷል። ለዝሆኔ የኩላሊት መድኃኒት መግዛት ከንቱ ወጪ ነው።

ከኩላሊት የሚመጣው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ በጠዋት በዓይን ዙሪያ ይታያል፤ ሁለቱንም እግር እኩል ይይዛል፤ በጣት ሲጫኑትም ጎድጉዶ ይቀራል። የልብ ድካምና የጉበት በሽታም እንዲህ ያለ እብጠት ስለሚያመጡ መለየቱ የሐኪም ሥራ ነው። እብጠት ያለበት ሰው «ኩላሊቴን ልጠብ» ብሎ ብዙ ውኃ እንዳይጠጣ እንመክራለን፤ ውኃው መውጫ ካጣ ወደ ሳንባ ይሄዳልና።

የማይጠበቅበት ጊዜ

«ድገሙት፣ ታገሡ» ስላልን ሁሉም ይቆይ ማለታችን አይደለም። ሽንቱ ያቆመ ወይም እጅግ ያነሰ፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ያለ ማቋረጥ የሚያስመልሰው፣ አእምሮው የሚደናገር ሰው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ጉሮሮውን ታሞ ወይም በእከክ ቆዳው ቆስሎ የነበረ ሕፃን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፊቱ ቢያብጥና ሽንቱ እንደ ቡና ቢጠቁር በዚያው ቀን ይወሰድ፤ ከእነዚህ ሕፃናት አብዛኞቹ በወቅቱ ከተረዱ ፈጽመው ይድናሉ። ነፍሰ ጡር እናት ራሷን አጥብቆ ቢያማት፣ ዓይኗ ቢጋረድ፣ ፊቷና እጇ ቢያብጥ ወይም በሽንቷ ፕሮቲን ቢታይ አንድ ሌሊት እንኳ አትደር። ለእንዲህ ያለው የሚወጣ የመጓጓዣ ገንዘብ ጥያቄ አይነሣበትም።

እውነት ሆኖ ሲገኝ

ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ምርመራ በኋላ በሽታው እውነት ሆኖ የሚገኝባቸው ወገኖች አሉ። ለእነርሱም እውነቱን ደብቀን ልናጽናናቸው አንችልም። ነገር ግን «ኩላሊትህ ደክሟል» ማለት «ትሞታለህ» ማለት አይደለም። ከደረጃዎቹ በመጀመሪያዎቹ ላይ ያለ ሰው ግፊቱን ከተቆጣጠረ፣ ስኳሩን ካስተካከለ፣ በዳጣውና በቡና ቅጠሉ የሚጨምረውን ጨው ከቀነሰ፣ ትምባሆ ከተወና የሕመም ማስታገሻን ካለ ሐኪም ትእዛዝ ካልወሰደ ብዙ ዓመት ልጆቹን እያሳደገ ሊኖር ይችላል። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ ዋጋቸው ያልከበደ የግፊት መድኃኒቶች በሽንት የሚፈስሰውን ፕሮቲን ይቀንሳሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ሲጀመሩ ክሬያቲኒን ጥቂት ከፍ ሊል ስለሚችል፣ ሐኪሙን ሳይጠይቁ «ባሰብኝ» ብሎ ማቆም አይገባም፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጡም።

የማጣራት ግምቱ ከ15 በታች ሲወርድ የኩላሊት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ይታሰባል። እጥበት በተለመደው አሠራር በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ከመሣሪያ ጋር መቆየትን ይጠይቃል፤ በአገራችን ግን ከአቅም ማነስ የተነሣ 2 ጊዜ ብቻ የሚታጠቡ ብዙዎች ናቸው። ንቅለ ተከላም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ስለዚህም ከአገር ሳይወጡ ከዘመዳቸው በተሰጣቸው ኩላሊት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዛሬ አሉ። ይህ ትልቅ ምስጋና የሚገባው ነው። ሆኖም አንድ ቤተሰብ ከወላይታ ተነሥቶ ይህን መንገድ ሲጀምር የመኪናው ዋጋ ከሸክሙ ሁሉ ትንሹ ነው። ማረፊያው፣ መድኃኒቱ፣ ከሥራ መቅረቱ፣ የሚሰጠው ዘመድ ምርመራ ሁሉ ይከተላል። ስለዚህ ቤተሰቡ ከመነሣቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ተቀምጦ ደረጃውን፣ አስቸኳይነቱንና ወጪውን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ስለ ጸሎትና ስለ ገንዘብ

አንዳንድ ወገኖች «ምርመራ መድገም እግዚአብሔርን መጠራጠር አይሆንም ወይ?» ብለው ጠይቀውናል። ወንጌል በ1928 እ.ኤ.አ. ሚስዮናውያን ወደ ወላይታ ሲደርሱ ከመሪዎቻቸው አንዱ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ሐኪም እንደ ነበሩ አስታውሱ። በአገራችን የወንጌል ቃልና የመድኃኒት ጠርሙስ ከመጀመሪያው አብረው ተጉዘዋል። የተፈወሰ ሰው ፈውሱን በምርመራ ቢያሳይ ምስክርነቱ ይጸናል፤ ያልተፈወሰም መድኃኒቱን ቢውጥ ጸሎቱ አይከለከልም። መድኃኒቱን በጸሎት ስም ያስጣለ ሰው ግን በወንድሙ ሕይወት ላይ ኃላፊነት ወስዷል፤ ሽማግሌዎች ይህን አጥብቃችሁ እንድታስተምሩ እንለምናችኋለን።

ጭንቀትም ራሱ ሸክም ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቁጥር ሲቆጥር የሚያድር ሰው «አትጨነቅ» ቢሉት አይቀለውም። አብሮት የሚሄድ ሰው ግን ያስፈልገዋል። ከእርሱ ጋር ወረፋ የሚጠብቅ፣ ሐኪሙ የተናገረውን በወላይትኛ የሚያስረዳው፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ የሚያስታውሰው አንድ ዲያቆን ወይም አንዲት እህት ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይበልጣል።

አሁን ለደጋፊዎቻችን ስለ ገንዘቡ በግልጽ እንንገራችሁ። ለአንድ ሰው የረጅም ጊዜ እጥበት የሚሆነው ገንዘብ ለብዙ አጥቢያዎች የግፊት መለኪያ ሊገዛ፣ ለብዙ መቶ ሰዎችም የሽንት ምርመራ ሊከፍል ይችላል። ይህ ምርጫ ቀላል አይደለም። ያ አንዱ ሰው ስም አለው፤ ሚስትና ልጆች አሉት፤ በዚህም አዳራሽ ከእኛ ጋር ይዘምራል። በኋላ የሚታመሙትን ግን ገና አናውቃቸውም። አንዱን ትተን ብዙዎቹን እንድንይዝ ጌታ አላስተማረን፤ ብዙዎቹንም ረስተን ለአንዱ ብቻ እንድንሮጥ አልጠራንም።

ስለዚህ የያዝነው አሠራር ይህ ነው። አስቸኳይ ምልክት ለሌለው ጠያቂ ለረጅም ጉዞ ከመክፈላችን በፊት የሁለተኛውን የደም ምርመራና የሽንት ምርመራ ዋጋ እንችላለን፤ ግፊቱንም እናስለካለን። ምርመራው በሽታውን ካረጋገጠ ከቤተሰቡና ከሐኪሙ ጋር ተቀምጠን የሚቻለውን እንወስናለን፤ የማንችለውንም አንችልም ብለን በጊዜው እንናገራለን። ለማይፈጸም ተስፋ ማሳ እንዳይሸጥ ይህን መናገር ግዴታችን ነው። ከዚህ ጎን ለጎን በየአጥቢያው ከጉባኤ በኋላ የግፊት ልኬት እንዲደረግ፣ ከፍ ያለባቸውም ወደ ጤና ጣቢያ እንዲላኩ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር እንተባበራለን።

ከእናንተ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያገኛችሁ «መቼ ትደግመዋለህ? ሽንትህስ ታይቷል? ግፊትህስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከ40 ዓመት በላይ የሆናችሁ ሁሉ፣ ሳያማችሁ ግፊታችሁን አስለኩ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያችሁንም በየዓመቱ አሳድሱ። በሩቅም በቅርብም ያላችሁ ደጋፊዎቻችን፣ ስጦታችሁ የሚውለው ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ ለማይነሣለት ነገር መሆኑን ዕወቁልን፤ ለአንዲት የግፊት መለኪያ፣ ለአንድ ዕቃ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት፣ ለአንድ አዛውንት የደርሶ መልስ መኪና ዋጋ ይውላል። ከዚህም የተነሣ በማረሻው ላይ የሚቀር በሬ አለ፤ በጊዜው መድኃኒት የሚጀምር አባትም አለ።

በኩላሊት ሕመም ለሚሠቃዩ ወገኖቻችን፣ ለሚያስታምሟቸው ቤተሰቦች፣ ለሐኪሞቻቸውና ለነርሶቻቸው ጸልዩ። ውጤታቸውን በመጠባበቅ ላይ ላሉትም ጸልዩ።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።